ሰው ያልለመደ ውሻ ማንን ይጠብቃል?

ጉንችሬ በጉራጌ ዞን የእነሞር አገር ዋና ከተማ ናት። ከወልቂጤ ተነስቶ በእምድብር በኩል ወደ ሆሳዕና የሚዘልቀው መንገድ በውስጧ ያልፋል። ከከተማዋ ወጣ ሲሉ መንደሮቹ ሰፊ የሳር ሜዳ በሆነው ጀፎረ ግራና ቀኝ ተሰልፈው ይታያሉ። ከቤቱ ጓሮ እንሰት፣ ከእንሰቱ አጠገብ ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ አንድ የታሰረ ውሻ አይጠፋም። የሚከተለው ምልልስ ስለዚያ ውሻ ነው። ተናጋሪዎቹ በምናብ የተቀረጹ ናቸው፤ አንዱ እንሰት ተካይ ሽማግሌ፣ ሌላዋ ወጣት የእንስሳት ሐኪም። ወሩ ነሐሴ ነው፤ መስቀል እየቀረበ ነው።

ሽማግሌው፦ ልጄ፣ ውሻችሁን አምጥታችሁ አስከትቡ ብላችሁ ለፈፋችሁ፤ እሺ አልን። ግን ማን ይያዘው? የእኔ ውሻ ሲመሽ ይፈታል፣ ሲነጋ ይታሰራል። እኔ ራሴ ሰንሰለቱን የማስገባለት ምግብ አቅርቤለት፣ ከኋላው ዞሬ ነው።

ሐኪሟ፦ እርስዎ ብቻ አይደሉም አባባ። በክትባት ቀን የሚያደክመን መርፌው ሳይሆን መያዙ ነው። አንዱ ውሻውን በገመድ እየጎተተ ይመጣል። ውሻው ሰውና ሌላ ውሻ ሲያይ ይበረግግና ገመዱን አስለቅቆ ይሮጣል፤ ሳይከተብ ተመለሰ ማለት ነው። ሌላው ሰው ይህን ስለሚያውቅ ከነጭራሹ አያመጣውም። ልጆች እያቀፉ ያሳደጉት ውሻ ሲመጣ ግን ልጁ አንገቱን እቅፍ አድርጎ ይይዝልኛል፤ እኔም የትከሻውን ቆዳ ሳብ አድርጌ መርፌውን ወግቼ እስክጨርስ ዞር ብሎ እንኳ አያይም።

ሽማግሌው፦ የእኔማ ዘሩ ነው። እናቱም ሰው አታስጠጋም ነበር።

ሐኪሟ፦ ዘር የራሱ ድርሻ አለው፤ ፈሪ እናት ፈሪ ልጅ ልታወጣ ትችላለች። ግን እስቲ ልጠይቅዎት፤ በስንት ጊዜው አመጡት?

ሽማግሌው፦ ዓይኑን ገልጦ ድክ ድክ ሲል ነዋ። ከወንድሞቹ ጋር ከሰነበተ ጌታውን አያውቅም ይባላል። ሰው እንዳይለምድ ብለን ከጓሮ አሰርነው። ምግብ የምትጥልለት አንዲት ልጅ ነበረች፤ ከእሷ በቀር የቀረበው የለም። ኃይለኛ የሆነውም ለዚሁ ነው፤ እኛም የፈለግነው ይህንኑ ነበር።

ሐኪሟ፦ እርስዎ ኃይለኛ ይሉታል፤ እኔ ሳየው ግን የፈራ ውሻ ነው። ሲጮኽ ልብ ብለው ይመልከቱት። ጆሮው ወደ ኋላ ተጣብቋል፣ ጭራው ከእግሮቹ መሃል ተወሽቋል፣ አንድ እርምጃ ወደ ፊት ሄዶ ሁለት እርምጃ ወደ ኋላ ይመለሳል። የፈራ ፍጥረት መጀመሪያ የሚመርጠው መሸሽን ነው፤ የታሰረ ደግሞ መሸሻ የለውም። ስለዚህ የቀረበውን ሁሉ ይነክሳል። ሌባም ይሁን ውሃ ቀድታ የምትመለስ ሴት ወይም ኳስ ያመለጠችው ሕፃን ለእሱ ልዩነት የለውም።

ሽማግሌው፦ ቢነክስም እኮ ማስፈራራቱ ነው የሚጠቅመን። እዚህ ጅብ አለ፣ ጃርት እንሰቱን እየማሰ ይበላል፣ ከርከሮ ማሳ ያተራምሳል። ሌባም አይጠፋም።

ሐኪሟ፦ ሥራው እንደሚያስፈልግማ አውቃለሁ። እኔ የምለው ፈሪ ውሻ ሥራውን በደንብ አይሠራም ነው። ወደዚያ ከመድረሳችን በፊት ግን ስለ ዕድሜው ልንገርዎት፤ ነገሩ ሁሉ እዚያ ላይ ስለሆነ።

ሽማግሌው፦ በይ ንገሪኝ።

ሐኪሟ፦ ቡችላ ዓይኑን የሚገልጠው በሁለት ሳምንት ገደማ ነው፤ በደንብ መስማት የሚጀምረው በሦስተኛው ሳምንት አካባቢ ነው። ከዚያ ጀምሮ እስከ ሦስት ወር ገደማ ያለው ጊዜ ዓለምን የሚመዘግብበት ጊዜ ነው። በዚያ መሃል ያየውን፣ ያሸተተውንና የነካውን ሁሉ የእኔ ወገን ብሎ ይይዘዋል። ከዚያ በኋላ አዲስ ነገር ሲያጋጥመው ፍርሃቱ ይቀድማል። እ.ኤ.አ. በ1961 ፍሪድማን፣ ኪንግና ኤልዮት የተባሉ አሜሪካውያን ተመራማሪዎች አንድ ሙከራ አሳትመው ነበር። ቡችሎችን ከእናቶቻቸው ጋር በረጅም አጥር በተከለለ ሜዳ፣ ሰው ሳያዩ አሳደጓቸው። ከመካከላቸው አንዳንዶቹን በሁለት፣ አንዳንዶቹን በሦስት፣ ሌሎቹንም በአምስት፣ በሰባትና በዘጠኝ ሳምንታቸው ለአንድ ሳምንት ብቻ እያወጡ ከሰው ጋር አዋሏቸው። ጥቂቶቹ ግን 14 ሳምንት እስኪሞላቸው ሰው አልነካቸውም።

ሽማግሌው፦ እነሱ ምን ሆኑ?

ሐኪሟ፦ እንደ ዱር አውሬ ሆኑ። ሰው ሲቀርብ ይሸሻሉ፤ በኋላ ቢያባብሏቸውም ብዙ አልተለወጡም። በመሃለኛዎቹ ሳምንታት፣ በተለይ በአምስትና በዘጠኝ ሳምንት መካከል ከሰው ጋር የዋሉት ግን አንዲት ሳምንት ብቻ አግኝተው እንኳ ሰው ወዳጅ ሆኑ። ስኮትና ፉለር የተባሉት ሊቃውንት እዚያው አሜሪካ ባር ሃርበር በተባለ ከተማ ለብዙ ዓመታት ውሾችን አጥንተው እ.ኤ.አ. በ1965 ባሳተሙት መጽሐፍ ይህንኑ አጽንተውታል።

ሽማግሌው፦ ይህ ለእኔ እንግዳ አይደለም። የእንሰት ችግኝም ከአንድ ቦታ ወደ ሌላ የሚዛወርበት የራሱ ጊዜ አለው፤ ጊዜው ካለፈ በኋላ ብትደክሚለት ያው ቀጭጮ ይቀራል። ግን ቡችላው ከእናቱ ሥር ሳለ ነው ማለት ነው ትምህርቱ የሚጀምረው?

ሐኪሟ፦ እንደዚያ ነው። ስለዚህ የመጀመሪያው አስተማሪ የእናቲቱ ባለቤት ነው። ዓይናቸው ከተገለጠ በኋላ በየቀኑ እያነሳ ቢያሻሻቸው፣ ልጆቹ ቀስ ብለው ቢያቅፏቸው፣ ጎረቤትም መጥቶ ቢዳብሳቸው ግማሹ ሥራ እዚያው አለቀ። ሁለተኛው ነገር ደግሞ ቡችላን ከወንድሞቹ ቶሎ አለመለየት ነው፤ ቢያንስ ስምንት ሳምንት ይሙላው። ጌታውን አያውቅም የሚባለው ልክ አይደለም፤ በስምንት ሳምንቱ የመጣ ቡችላ ከአዲስ ቤተሰብ ጋር ለመላመድ ገና ሰፊ ጊዜ አለው።

ሽማግሌው፦ ከወንድሞቹ ምን ይማራል? እርስ በርስ መናከስ ነው እንጂ።

ሐኪሟ፦ የሚማረው የመናከስን ልክ ነው! ሲጫወቱ ይዩአቸው። አንዱ የሌላውን ጆሮ ይነክሳል፤ ጠበቅ ካደረገው የተነከሰው ጮኾ ጨዋታውን ጥሎ ይሄዳል። ነካሹ ብቻውን ይቀራል። ይህ በቀን ስንት ጊዜ ሲደጋገም ቡችላው ጥርሱ ምን ያህል እንደሚያሳምም ያውቃል። በሦስት ሳምንቱ ተነጥቆ የመጣው ግን ይህን አልተማረም፤ ሲያድግ በጨዋታም ቢሆን አጥንት ድረስ ሊነክስ ይችላል። ደግሞም የውሻን ጠባይ አያውቅም። ሌላ ውሻ ከፊቱ ዝቅ፣ ከኋላው ከፍ ብሎ እንጫወት ሲለው ሊያጠቃኝ ነው ብሎ ይዘልልበታል። ጀፎረው ላይ በየጊዜው የምናየው የውሻ ጠብ አንዳንዱ ከዚህ የሚመጣ ነው።

ሽማግሌው፦ ሁሉም ይሁን። አሁን ወደ ሌባው እንመለስ። ሰው ሁሉ የሚያሻሸው ውሻ ሌባውም ይዳብሰዋል። አንዲት ቁራጭ ሥጋ ቢጥልለት ጭራውን ይቆላለታል።

ሐኪሟ፦ ብዙ ሰው ይህን ይፈራል። ግን ውሻ የሚጠብቀው አብሮት ያደገውን ነው። ናሚቢያ ውስጥ የአቦሸማኔ ጥበቃ ፈንድ የሚባል ድርጅት እ.ኤ.አ. ከ1994 ጀምሮ የቱርክ ዝርያ የሆኑ ትልልቅ እረኛ ውሾችን ለገበሬዎች ይሰጣል። አቦሸማኔ ፍየልና በግ እየበላ ስላስቸገረ ገበሬዎች ይገድሉት ነበር። ቡችላው ገና በልጅነቱ ከፍየሎቹ ጋር በረት ይገባል፤ ከእነሱ ጋር ይተኛል፣ ከእነሱ ጋር ይወጣል። ሲያድግ አውሬ ሲመጣ በመሃል ቆሞ የሚጮኸው ፍየሎቹን ወገኖቼ ስለሚላቸው ነው። ማንም ክፋት አላስተማረውም። የእርስዎን ውሻ ያስቡት፤ ከቤተሰቡ ጋር አላደገም፣ ከከብቱ ጋር አላደገም፤ ከአንድ የእንጨት ካስማ ጋር ነው ያደገው። ታዲያ ማንን ይጠብቅ?

ሽማግሌው፦ ይሄ ነገር ከበድ ያለ ነው።

ሐኪሟ፦ ሌላም አለ። ለሁሉም የሚጮኽ ውሻ ሲጮኽ ማንም አይነሳም። ሌሊቱን ሙሉ ለባጃጅም፣ ለጎረቤት ሳልም፣ ለአህያም ከጮኸ እርስዎ ጋቢዎን ተከናንበው ይተኛሉ። ጎረቤቱን፣ አህያውንና ባጃጁን የሚያውቅ ውሻ ግን በውድቅት ሌሊት ሲጮኽ አንድ የማያውቀው ነገር መጥቷል ማለት ነው። ያን ጊዜ ይነሳሉ። ቀን ከሰው ጋር የዋለ ውሻ ሌሊት አጥር ዘሎ የገባውን እንግዳ አይቶ ዝም አይልም፤ ቤቱንና የቤቱን ሰው ስለሚያውቅ ባዕዱን ለመለየት አይቸገርም።

ሽማግሌው፦ አንድ ነገር ግን አለ። እኛ ውሻ ቤት አናስገባም። ሙስሊሙ ጎረቤቴ ምራቁ ከነካው ይታጠባል፤ ክርስቲያኑም ወደ ቤተ ክርስቲያን ግቢ እንዳይገባ ይከለክላል። አንቺ የምትይው እንደ ከተማ ሰው ሶፋ ላይ አስቀምጡት እንዳይሆን።

ሐኪሟ፦ ማንም እምነቱን እንዲተው አልጠይቅም፤ ቤት መግባትም አያስፈልገውም። እስልምና ለጥበቃና ለእረኝነት ውሻ መያዝን ይፈቅዳል፤ በቁርአን የዋሻው ባልደረቦች ታሪክ ውስጥም ውሻቸው አብሯቸው ነው። በመጽሐፈ ጦቢት ጦብያ መንገድ ሲወጣ ውሻው ተከትሎታል። ሁለቱም ጋ ውሻ ከሰው ጋር ነው ያለው። የሚያስፈልገው ደጅ ላይ ሰው መካከል መዋል ነው። ለዚህ ደግሞ ከጀፎረ የተሻለ ቦታ የትም አይገኝም። የአውሮፓ ሰው ቡችላውን ከሰውና ከውሻ ጋር ለማላመድ ገንዘብ ከፍሎ ትምህርት ቤት ይወስደዋል። እዚህ ከብቱም፣ እረኛውም፣ ልጆቹም፣ ለቅሶውም፣ ሠርጉም አንድ ሜዳ ላይ ያልፋሉ።

ሽማግሌው፦ ቡችላ ባመጣ እንዴት አድርጌ ላውጣው? ለቅቄው ልቀመጥ?

ሐኪሟ፦ አይደለም። ይዘውት ይውጡና ዳር ላይ ይቀመጡ። መጀመሪያ ራቅ ብሎ ይይ። ልጆች ሲመጡ ተንጋግተው እንዳይከብቡት፤ አንዱ ልጅ ይምጣ፣ ጎን ለጎን ሆኖ ቁጢጥ ይበል፣ ዓይን ዓይኑን አይመልከተው፣ እጁን ወደ መሬት ዝቅ አድርጎ ዘርጋ ያድርግለት። ቡችላው ራሱ መጥቶ ያሽትት። አሽትቶ ከቆየ ከአገጩ ሥርና ከደረቱ ላይ ይዳብሰው፤ አናቱን ከላይ መንካት ያስፈራዋል። ፊቱን ካዞረ፣ ከንፈሩን ከላሰ፣ እንቅልፍ ሳይመጣበት ካዛጋ በቃኝ ማለቱ ነው፤ ልጁ ይነሳ። ጥቂት ቆጮ ወይም አንድ ቁራጭ ሥጋ ቢሰጠው ደግሞ ሰው ማለት መልካም ነገር የሚመጣበት መሆኑን ይይዛል። በሌላ ቀን ጃንጥላ የያዘ፣ በሌላ ቀን ጀሪካን ያዘለች፣ በሌላ ቀን ዱላ የያዘ ሽማግሌ። የሚጠላውን ነገር ሲያይ ጎትቶ ማስጠጋት ግን ፍርሃቱን ያጸናበታል።

ሽማግሌው፦ ቢያጉረመርምስ? እኛ ያጉረመረመ ቡችላ በጥፊ ነው።

ሐኪሟ፦ እሱን ይተዉ አባባ! ማጉረምረም ማስጠንቀቂያው ነው። ስላጉረመረመ ከመቱት ማጉረምረሙን ይተዋል፤ ፍርሃቱ ግን እዚያው ነው። አንድ ቀን ምንም ድምፅ ሳያሰማ ይነክሳል። ያኔ ባሳደግሁት ውሻ ተነከስኩ እንላለን።

ሽማግሌው፦ ከሌሎች ውሾች ጋርስ? በሽታ አያመጣም?

ሐኪሟ፦ ሊያመጣ ይችላል፤ ስለዚህ ምረጡ። የምታውቁት፣ የተከተበና ጤነኛ የሆነ የጎረቤት ውሻ ይሁን፤ ሁለቱም ሳይታሰሩ ወይም ገመዱ ልል ሆኖ ጎን ለጎን ይሂዱ። ቄራ አካባቢና ቆሻሻ መጣያ አጥንት ከሚሻሙት መሃል ቡችላ አትልቀቁ። መስቀል ሲመጣ ደግሞ አስቡበት። በየቤቱ ይታረዳል፤ ጥሬ ሳንባና ጉበት ለውሻ ይወረወራል። በውስጡ የውኃ ከረጢት የያዘ ጉበት ወይም ሳንባ ውሻውን የትል በሽታ ያሲዘዋል፤ ከውሻው ደግሞ ወደ ልጆች ይመለሳል። ያንን ቅበሩት። አጥንት ላይ የሚነሳው የውሻ ጠብም ልጆች ከሚነከሱባቸው ምክንያቶች አንዱ ነው፤ ለየብቻ አብሏቸው።

ሽማግሌው፦ መስቀልን ካነሳሽ አይቀር፣ ያ ጊዜ ያስፈራኛል። ከአዲስ አበባ፣ ከመርካቶ፣ ከየአገሩ ልጆቻችን ከነልጆቻቸው ይመጣሉ። ለአረፋም ሙስሊም ጎረቤቶቻችን ጋ እንዲሁ ነው። ውሻው እነዚያን የልጅ ልጆች አያውቃቸውም።

ሐኪሟ፦ የከተማ ልጆቹም ውሻውን አያውቁትም። ዓመቱን ሙሉ አምስት ሰው ያየ ውሻ በአንድ ሌሊት ሠላሳ እንግዳ ይመጣበታል። ደግሞ ይገርምዎታል፤ የዓለም የእብድ ውሻ በሽታ ቀን የሚታሰበው እ.ኤ.አ. ሴፕቴምበር 28 ነው፣ አብዛኛውን ጊዜ የመስቀል ማግስት ማለት ነው። ቀኑ የተመረጠው እ.ኤ.አ. በ1885 የመጀመሪያውን የበሽታውን ክትባት ለሰው የሰጠው ሉዊ ፓስተር በ1895 ያረፈበት ዕለት ስለሆነ ነው።

ሽማግሌው፦ በዚህ በሽታ የሞተ ሰው አይቻለሁ። ውሃ አምጡ እያለ ውሃ ሲያይ ይንቀጠቀጥ ነበር። እግዜር ለጠላትም አይስጥ።

ሐኪሟ፦ ምልክቱ ከታየ በኋላ የሚድን የለም ማለት ይቻላል። በዓለም በየዓመቱ 59,000 ያህል ሰው እንደሚሞትበት ይገመታል፤ ወደ ሰው ከሚተላለፈው 99 በመቶው በውሻ ነው፤ ባበደ እንስሳ ተነክሰዋል ተብለው ከሚጠረጠሩት 40 በመቶው ከ15 ዓመት በታች ያሉ ልጆች ናቸው። አገራችን በሽታው ከጸናባቸው አገሮች አንዷ ናት። ከ100 ውሾች 70ው በየጊዜው ቢከተቡ ግን በሽታው በውሾች መካከል መዛመቱ ይቆማል። አሁን ነገሩ ከየት እንደተነሳ ያስታውሱ፤ የማይያዝ ውሻ አይከተብም። ስለዚህ ቡችላን ሰው ማስለመድ ለእኔ የክትባቱ የመጀመሪያ ምዕራፍ ነው።

ሽማግሌው፦ አንዳንዱ መርዝ ጥሎ መጨረስ ነው ይላል።

ሐኪሟ፦ በየከተማው ተሞክሯል፤ በሽታውን አላቆመም። የሞቱት ቦታ ሲለቁ ከሌላ ሰፈር ያልተከተቡ ይመጣሉ፤ የዓለም ጤና ድርጅትም ውሻን በጅምላ መግደል በሽታውን እንደማይቆጣጠር ይናገራል። መርዙ ደግሞ የሚገድለው ደጅ የሚውለውንና የተከተበውንም ጭምር ነው። በባሌ ተራሮች ከመንደር ውሾች የተዛመተው ይህ በሽታ በዓለም ላይ ከ500 ብዙም የማይበልጡትን ቀይ ቀበሮዎቻችንን በተደጋጋሚ ክፉኛ አመናምኗል። እዚያ የተያዘው መፍትሔ የገበሬውን ውሻ በየዓመቱ መከተብ ነው።

ሽማግሌው፦ የተነከሰ ልጅ ቢያጋጥመን ግን ምን እናድርግ? ሰው ሁሉ ወደ ጠበልና ወደ ሥር ማሽ ነው የሚሮጠው።

ሐኪሟ፦ መጀመሪያ ቁስሉን በሚወርድ ውሃና በሳሙና ለ15 ደቂቃ ማጠብ። ከዚያ በዚያው ቀን ጤና ጣቢያ። ጸሎቱን ማንም አይከለክልም፤ ክትባቱ ግን አንድ ቀን አይዘግይ።

ሽማግሌው፦ የእኔስ ውሻ? እሱኮ አራት ዓመቱ ነው። ጊዜው አልፏል ብለሽኛል።

ሐኪሟ፦ እንደ ቡችላ አይሆንም፤ ግን ካለበት ይሻላል። ሰንሰለቱን አስረዝሙለት፣ ቀን ቀን አጥር ውስጥ ይፈታ። ምግቡን ወርውረው አይሂዱ፤ ራቅ ብለው ይቀመጡና ሲበላ ዝም ብለው ይዩት። በየሳምንቱ ትንሽ ትንሽ እየቀረቡ ይሂዱ፤ ከፈራ ወደ ኋላ ይመለሱ። ከእጅዎ መብላት ሲጀምር የአንገቱን ማሰሪያ ይንኩ፣ ሥጋ ይስጡት። ወራት ይፈጃል፤ ምናልባትም ከእርስዎና ከልጅቷ በቀር ማንንም ላይወድ ይችላል። ለክትባት ግን እርስዎ ከያዙት ይበቃናል። ለመስቀል አይደርስም፤ እንግዳ ሲመጣ ልጆች በማይደርሱበት ጸጥ ያለ ቦታ ይሁን።

ሽማግሌው፦ የጎረቤቴ ውሻ ከሁለት ሳምንት በፊት ወልዳለች። አንዱን ስጠኝ ብዬዋለሁ፤ ዓይናቸውን ስለገለጡ ነገ ላመጣው ነበር።

ሐኪሟ፦ አያምጡት፤ እርስዎ ይሂዱለት። በየቀኑ ሄደው ያንሱት፣ ያሽትትዎት፣ የልጅ ልጅዎንም ይዘው ይሂዱ። ስምንት ሳምንት ሲሞላው ያመጡታል። ሦስት ወር ሲሞላው ደግሞ እኔ ጋ ይዘውት ይመጣሉ። በዘመቻ ቀን ከሆነ ከዚያ በፊትም ቢሆን ይከተባል።

ሽማግሌው፦ ለእኔ ብቻ ሆኖ ምን ዋጋ አለው? የጎረቤቴ ቡችሎች ስድስት ናቸው፤ ስድስት ቤት ነው የሚገቡት። የዕድራችን ስብሰባ እሁድ ነው። አንቺ መጥተሽ ይህን ለሰዉ ንገሪ። እኔ ደግሞ ቡችላ ከስምንት ሳምንት በፊት ከእናቱ አይለይ፣ ቀን ተቀን ካስማ ላይ አይዋል፣ በክትባት ቀን ባለቤቱ ይዞ ይቅረብ ብዬ ሐሳብ አቀርባለሁ። ውሻ ያለው ሁሉ ይስማማ ይሆናል ብዬ አላስብም፤ ግን ልጅ ያለው ሁሉ ይሰማል።

ሐኪሟ፦ እመጣለሁ አባባ። የክትባቱንም መዝገብ ይዤ እመጣለሁ፤ የስድስቱም ቤቶች ስም በዚያው ቀን ይጻፍ።